ተራራ ላይ ራስ ምታት ሲይዛችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት



የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ላላችሁ ጊዜ ማሳለፊያ ይሆናችኋል፤ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተራራ ለመውጣት ላሰባችሁ ደግሞ ምናልባት ከዚያ በላይ።

በቀደም ሰባተኛ ወዳለው ክሊኒካችን አንድ ወጣት መጣ። በትልቅ ፌስታል ወፍራም የሰልባጅ ጃኬት አንጠልጥሏል። ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ ፊቴ ሲቀመጥ «ምንህን አመመህ?» አልኩት።

«ምንም አላመመኝም ዶክተር። ከጓደኞቼ ጋር ኪሊማንጃሮ ልንወጣ ነው፤ በረዶውን ሳያልቅ እንየው ብለን። ጃኬቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ‹እህቴን ሳታናግር እንዳትሄድ› ብሎ ላከኝ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ተላወሰ። ጃኬቱን የሸጠለት ታላቅ ወንድሜ ነው። ለምን ወደ እኔ እንደላከው ከእኔና ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታሪኩን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው «ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ተይው» ብሎኛል።

ጨነቅ ላይ የሆነው

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም ነው። እኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ገና ዋርድ መግባት የጀመርኩ፣ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ ሳንጠለጥል መስታወት የምፈልግበት ዘመን። ወንድሜ ከሰባተኛ ጓደኞቹ ጋር ራስ ዳሽንን ለመውጣት ሲያቅድ «ዶክተራችን አንቺ ነሽ» ተባልኩና ተከተልኳቸው። ስድስት ነበርን።

ወንድሜን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቦንዳ ብቻውን ትከሻው ላይ ጭኖ ፎቅ የሚወጣ ሰው ነው። ሲጋራ አያጨስም። ጉንፋን እንኳን ይዞት አልጋ ላይ ሲውል አይቼው አላውቅም። ከመካከላችን አንድ ሰው ይታመማል ቢባል የመጨረሻው ግምቴ እሱ ነበር።

ማለዳ ከጎንደር በኪራይ ሚኒባስ ተነሳን። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ላይ ቁርስ በልተን፣ ለፓርኩ ከፍለን፣ አስጎብኚና ስካውት ይዘን ሽቅብ ቀጠልን። በእግር የሚሄዱ ሰዎች ሳንቃበርና ግጭ ላይ እያደሩ ነው ወደ ላይ የሚዘልቁት። እኛ ግን መኪና ነበረን፤ ለመቆጠብ የፈለግነው ቀንም ነበረን። በዚያው ቀን ጨነቅ ካምፕ ገባን። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። አስቡት፤ በግማሽ ቀን 1,500 ሜትር ሽቅብ።

ጭላዳው፣ ዋልያው፣ ጅብራው፣ ያ ገደል… ፎቶ አንስተን አልጠገብንም። ሌሊቱን ግን ወንድሜ ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት «ብርድ ገብቶብኛል፣ ራሴን ፈለጠኝ» አለ። ጥብስ የማይመልሰው ሰው ቁርስ አልበላም አለ። እኔ «ዶክተሯ» ሁለት ፓራሲታሞል ሰጠሁትና ቧሂትን ልንወጣ ተነሳን። ቧሂት 4,430 ሜትር ነው። ለዋናው ራስ ዳሽን መለማመጃ ይሆነናል ብለን ነበር።

ሁልጊዜ ከፊት የሚሄደው ወንድሜ ያን ቀን ከሁሉም ኋላ ቀረ። ማታ ካምፕ ስንመለስ አስታወከው። ከዚያ ዝም ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሱቁን ማን እየጠበቀልህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ለጨዋታ ነበር። የሞተውን አጎታችንን ስም ጠራ።

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ለፈተና ብዬ ያነበብኳት አንዲት ግማሽ ገጽ ድንገት ትዝ አለችኝ። በእንጨት መሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩና «የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠምክ በዚህ ላይ ሂድ» አልኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳግዶ ወደቀ። ጠብታ መጠጥ አልቀመሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፈው እንኳን ያንቀጠቅጠኛል። ሾፌሩ «በዚህ መንገድ ሌሊት አልነዳም» አለ። ከጓደኞቹ አንዱ «ይተኛና ጠዋት እንየው፤ ለራስ ዳሽን እኮ ከፍለናል» አለ። እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ወንድሜ መሆኑ ደግሞ ጭንቅላቴን አዙሮታል። ክርክሩን የቆረጡት ስካውታችን ናቸው፤ ጠና ያሉ የአካባቢው ሰው። መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «ልጄ፣ ተራራው እንቢ ያለውን ሰው አባብለሽ አታሳድሪውም። አውርዱት፤ እኔም አብሬ እወርዳለሁ» አሉኝ። ሾፌሩ ቁልፉን አነሳ።

ሳንቃበርን አልፈን ወደ ታች ስንወርድ ወንድሜ ውሃ ጠየቀ። ደባርቅ ስንደርስ ስሜን ጠራ። እዚያ ኦክስጅንና መርፌ ተሰጠው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ «ሱቅ ደውይልኝ» ሲል አለቀስኩ።

ምን ነበር የያዘው?

ስሙ የከፍታ ሕመም ይባላል። ወንድሜ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዓይነቶቹ አደገኛ የሆነው፣ አንጎልን የሚያሳብጠው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ሰባተኛም ሆነ ራስ ዳሽን አናት ላይ ያው 21 በመቶ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። እንደ ቦንዳ አስቡት። የታሰረ ቦንዳ ውስጥ ብዙ ልብስ ተጨምቆ ይገባል፤ ሲፈታ ያው ልብስ ክፍሉን ይሞላል። የባሕር ጠረፍ አየር የታሰረ ቦንዳ ነው፤ የተራራ አየር የተፈታ። በአንድ እቅፍ የምታነሱት ልብስ ያንሳል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ዳሽን አናት ላይ ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል። 5,895 ሜትር በሆነው ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ በቃ ግማሽ ነው።

ሰውነታችን ይህን ይለምዳል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ጡንቻ አያፋጥነውም። እንዲያውም ጉልበተኛ ሰው ቶሎ ስለሚወጣና ሕመሙን ስለሚደብቅ የበለጠ ይጋለጣል።

«እኛ ደገኞች ነን፤ አይነካንም» ለምትሉ

ይህን ከወጣቱም ሰምቻለሁ። ግማሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የምንኖርባት ሰዎች ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ቱሪስት ትንሽ እንሻላለን። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ደግሞ እዚያው ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ቆላ ላይ ካለ ጤነኛ ሰው ብዙም አይርቅም። ሄሞግሎቢናቸውም እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ አላለም። ይህ ዓለምን ያስገረመ ውጤት ነው።

ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸውም እዚያው የኖሩ ናቸው። እኔና ወንድሜ ሰባተኛ ነው ያደግነው። ኢትዮጵያዊ መሆን ብቻውን ክትባት አይሆንም።

መርካቶ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ወጣቱን «ባለፈው ወር የት ነበርክ?» ስለው «ዱባይ፣ ዕቃ ላመጣ፤ ሦስት ሳምንት» አለኝ። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ናት። እዚያ ሳምንታት የቆየ ሰው አዲስ አበባ የሰጠችውን ልምምድ ብዙውን ያጣል። ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይቀመጥ ተራራ ባይወጣ ይመረጣል።

በረዶ ለኛም ባዕድ አይደለም

ወጣቱ «የእኛ ሀገር በረዶ የለውም ብዬ ነው ታንዛኒያ ድረስ የምሄደው» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ልክ ነው። ራስ ዳሽን ላይ አንዳንዴ በረዶ ይጥላል፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ዓመት ከዓመት የሚቆይ ግግር በረዶ በአፍሪካ የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው።

በጥንት ዘመን ግን ግግር በረዶ እኛም ነበረን። በቧሂትና በራስ ዳሽን አካባቢ በረዶው እየገፋ የከመረው ድንጋይ እስካሁን ይታያል። ባሌ ውስጥ የሳነቴ አምባ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። በጣም የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በምትባል ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። በረዶው ከእነሱ በላይ ተጋድሞ ሳለ ትልልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ለማምጣትም ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጡ ነበር።

እንግዲህ ተራራ መውጣት «የፈረንጅ ሥራ» አይደለም። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች በግማሽ ቀን በሚኒባስ አለመውጣታቸው ነው።

እነዚህን ምልክቶች እወቁ

ከ2,500 ሜትር በላይ ከወጣችሁ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ወይም ሌሊት፦

ቀላሉ፦ ራስ ምታት፣ ከእሱ ጋር ምግብ ማስጠላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ራስ ማዞር። እንቅልፍ እምቢ ማለትም አብሮ ይመጣል። ሌላ ምክንያት በግልጽ እስካልተገኘ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው በሉ።

አንጎል ሲያብጥ፦ ግራ መጋባት፣ የማይገናኝ ወሬ፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ። የመስመሩን ፈተና ያለ ምንም መሣሪያ ማንም ሊሠራው ይችላል።

ሳንባ ውሃ ሲቋጥር፦ ተቀምጠው እንኳን ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ሳል፣ ደረት ላይ ጭነት፣ የከንፈር መጥቆር፣ አንዳንዴ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ።

ሁለቱ የመጨረሻዎቹ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላሉ። ዋናው መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ መውረድ። ኦክስጅንና መርፌ ካለ ይሰጥ፤ ግን እነሱን ፍለጋ መውረዱ አይዘግይ። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ በበቅሎም ቢሆን። የታመመ ሰው ደግሞ በፍጹም ብቻውን አይወርድም።

የእኔ ስህተት

ሐኪሞች ስህተታቸውን መናገር አይወዱም፤ እኔ ልናገር። ፓራሲታሞል መስጠቴ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቴ ሰጥቼው ወደ ላይ ይዤው መውጣቴ ነው። ማስታገሻው ራስ ምታቱን ደበቀው፤ አንጎሉ ግን ማበጡን ቀጠለ። ደንቡ ይህ ነው፦ ምልክት ካለ ባላችሁበት አርፋችሁ ጠብቁ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይለቃችሁ አንድ እርምጃ አትጨምሩ። ካልተሻለ ወይም ከባሰ ውረዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት

1. ቀን አትቆጥቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እረፉ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ይረዳል። ለኪሊማንጃሮ የአምስት ቀን ጉዞ ርካሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ እላለሁ።

2. መድኃኒት ስላለ ሐኪም አማክሩ። አሴታዞላማይድ የሚባል ክኒን ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል፤ የሚጀመረው ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ነው። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ አምቦ ውሃ ሳይቀር ጣዕሙን ያጣባችኋል፤ አትደንግጡ። ነገር ግን ለሰልፋ መድኃኒት ከባድ አለርጂ ላለበት ወይም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ።

3. አረቄ አያሞቅም። የሚሞቃችሁ ቆዳችሁ ነው፤ የውስጡ ሙቀት ግን ይወጣል። ትንፋሽንም ያዳክማል። የእንቅልፍ ክኒንም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለሻይ ጥሩ ናቸው፤ ከከፍታ ሕመም እንደሚጠብቁ ግን ማስረጃ የለም።

4. ጥጥ ተዉ። ጂንስና የጥጥ ካልሲ በላብ ሲርሱ ሙቀት ይሰርቃሉ። ጋቢያችን ደረቅ ሆኖ ሌሊት ሲደረብ ግሩም ነው፤ ከረጠበ ግን ከባድና ቀዝቃዛ ይሆናል። የሱፍ ሹራብ፣ ዝናብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ቅያሪ ካልሲ፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ ያዙ። ሰባተኛ ሰልባጅ ተራ ሁሉም አለ፤ ሱፍ መሆኑን ግን መለያውን አንብቡ።

5. ዓይናችሁን ጠብቁ። ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐይ ጨረር ይጠነክራል፤ በረዶ ደግሞ እንደ መስታወት መልሶ ይረጨዋል። ያለ መነጽር ጥቂት ሰዓት በረዶ ላይ መዋል ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ያሳምማል፣ ለጊዜውም ያሳውራል። ጨረር የማይከላከል ጥቁር መነጽር ከባዶ ዓይን ይብሳል፤ ጨለማው የዓይንን ብሌን ይከፍትና ጨረሩ በገፍ ይገባል።

6. የደነዘዘና የነጣ ጣት አትሹት፣ እሳት ላይም አታቅርቡት። ወደ መጠለያ ገብታችሁ በብብት ወይም ለብ ባለ ውሃ አሙቁት። ተመልሶ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን እስክትወርዱ አታቅልጡት።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት፣ ከባድ ደም ማነስ፣ የሚጥል ሕመም፣ በኢንሱሊን የሚታከም ስኳር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ሐኪም ሳታዩ አትነሱ። መጀመሪያ በእንጦጦ ጀምሩ፤ ወንጪ ሂዱ፤ ሰውነታችሁን እወቁት። ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ የምታስቡ ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ ከመነሳታችሁ በፊት ከቦታው ሰው አጣሩ።

«በረዶው ቢያልቅስ?»

ወጣቱ ይህን ሁሉ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ቆየና የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እሺ ዶክተር፣ ጫፉ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ራሴን ቢያመኝና ቢያንገዳግደኝስ? በረዶው እኮ እያለቀ ነው። ሌላ ጊዜ ልሂድ ብል ላላገኘው እችላለሁ።»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኪሊማንጃሮ ግግር በረዶ ከ80 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ዩኔስኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ በረዶ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ሊያልቅ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ «ሌላ ጊዜ ታየዋለህ» ብዬ አልዋሸሁትም።

«ወንድሜ ራስ ዳሽንን እስካሁን አላየውም» አልኩት። «ሱቁ ግድግዳ ላይ ግን ቧሂት ጫፍ ላይ የተነሳው ፎቶ አለ። ስትወጣ እየው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እየሳቀ ነው። ያን ቀን ከጎኑ ቆሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ምንም አልታየኝም። ፎቶውን የሰቀለው ለጉራ አይደለም። ጃኬት የሚገዛ ሁሉ እንዲጠይቀው ነው።»

ወጣቱ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ማታ ወንድሜ ደወለልኝ። «ልጁ ተመልሶ መጥቶ ፎቶውን ሲያይ ቆየ» አለኝ። «ከዚያ ለጓደኞቹ ደውሎ ‹ሁለት ቀን እንጨምር፣ ጉዞውም ለሚቀጥለው ወር ይሁን› ሲላቸው ሰማሁት። እነሱ ተቆጡ መሰለኝ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«‹ተቆጡ› አላቸው። ጓንት ጨመርኩለት፤ በነጻ።»

ይህን ጽሑፍ ተራራ ለሚወጣ ወዳጃችሁ ላኩለት። ከመሄዱ በፊት እንጂ ከተመለሰ በኋላ አይሁን።

ቸር ሰንብቱ፤ ጤናችሁ ይብዛ።